ሰባት ቤት በኮምፒውተር ሲቆጠር

ከሜልበርን፣ አውስትራሊያ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ የአገር ፖለቲካ አይደለም፤ የጋብቻ ጥያቄ ነው። የአጎቴ ልጅ እዚሁ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ትኖራለች። ልጇ እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ ተምሮ፣ አሁን ደግሞ ሊያገባ ተነሥቷል። የመረጣት ልጅ የአገሩ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿም እንደ እኛው የጎጃም ሰዎች ናቸው። የእናቱ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ደስታው ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሥጋት ገባበት፤ የሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያቶች ከአጎራባች አጥቢያዎች መሆናቸው ታወቀ። ‹‹ወንድምዓለም፣ ሰባት ቤት መቆጠር አለበት›› ብላ ደወለችልኝ። ‹‹አንተ ኢንጂነር ነህ፤ ያ ኮምፒውተርህ ይቁጠርልን።››

በሙያዬ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም የሠራሁት በዚሁ መስክ ነው። የሥራዬ ግማሽ ሳጥን መሣልና ሳጥኖቹን በመስመር ማያያዝ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። ለዚህ የምንጠቀምባቸው የቢሮ መሣያ ፕሮግራሞች አንድ ደስ የሚል ትእዛዝ አላቸው። ሰውየው ሳጥኖቹን እንደ ዘሪ እጅ የትም በትኗቸው፣ መስመሩን በመስመር ላይ አደራርቦ፣ መጨረሻ ላይ ያንን ትእዛዝ ሲመርጥ ፕሮግራሙ ራሱ ሁሉን በረድፍ በረድፍ ያሰልፍለታል። እኔ ትእዛዙን ከሃያ ዓመት በላይ ስጠቀምበት፣ ከጀርባው ምን እየሠራ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብሁም ነበር። ያሰብሁት የሁለት ልጆች ሠርግ በእሱ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ዛሬ በስደት ያለን ሰዎች የዘር ሐረጋችንን፣ የማኅበሮቻችንን መዋቅር፣ የዕድራችንን አደረጃጀት ሁሉ በእነዚህ ፕሮግራሞች ስለምንሥል፣ ያገኘሁትን ለአንባቢ ማካፈል ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነበር። የእኛ ስም ራሱ የሐረግ ቁራጭ ነው፤ ፈረንጁ የቤተሰብ ስም ሲሸከም፣ እኛ አባታችንንና አያታችንን ይዘን እንዞራለን። ስለዚህ ከየቤቱ የተሰበሰቡትን ስሞች በኤክሴል ሠንጠረዥ አስገባሁና ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያልሁ ከፋፈልኋቸው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም፤ ሠንጠረዡን በክፍት ቦታ እየለያችሁ ካስከፈላችሁት ‹‹ገብረ ማርያም›› የሚባል ሰው ‹‹ገብረ›› የተባለ የ‹‹ማርያም›› ልጅ ሆኖ ይወጣል። እኔ አራት እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ፈጥሬ ነበር።) ከዚያም የድርጅት መዋቅር ለመሣል ለተሠራው የፕሮግራሙ ክፍል አቀበልሁት። ይህ ክፍል ለእያንዳንዱ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አለቃህ ማነው? እኔም በ‹‹አለቃ›› ቦታ አባትን አስገባሁ። በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ሁለት ያማሩ ዛፎች ወጡ። አንዱ የልጁ፣ አንዱ የልጅቷ። የሚነካኩበት ቦታ የለም። ዝምድና የለም ብዬ ለአጎቴ ልጅ አበሠርኋት፤ እልል አለች።

ሥዕሉን ደብረ ማርቆስ ላለችው አክስቴም በስልክ ላክሁላት። የልጅ ልጇ እያነበበላት አንድ በአንድ ሰማችና፣ ‹‹እሰይ ልጄ፣ ጥሩ ነው›› አለችኝ። ቀጥላም፣ ‹‹እናቶቹስ የት ሄዱ?›› አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም፤ የራሴ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ አለቃ ብቻ የሚፈቅድ መሣሪያ ይዤ፣ እያንዳንዱ ሰው አባትና እናት ያለውን ነገር ለመሣል ተነሣሁ። መሣሪያው የማይቀበለውን ግማሽ እኔው ጣልሁት፤ ሥዕሉ ስላማረ ደግሞ የጎደለ ነገር መኖሩን ረሳሁ።

አክስቴ ያደገችበት ዓለም እናት ከቆጠራ የምትወጣበት ዓለም አልነበረም። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ነበር። አንድ ሰው መሬት ይገባኛል ሲል ከዋናው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው፣ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ሐረግ መምዘዝ ነበረበት፤ በሐረጉ ላይ ሴትም ትኑር ወንድ ለውጥ የለውም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ይህንን አጥንቶ፣ በ1973 (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በመጽሐፍ አሳትሞታል። የዘር ቆጠራ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር ማለት ነው። የገጠር መሬት በ1975፣ በእኛ በ1967 ዓ.ም.፣ በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ክርክር ከፍርድ ቤት ወጣ። ቆጠራውን የሚያውቁ ሰዎችም ቀስ በቀስ ቀነሱ። የቀረው ዋና ጥቅሙ ለጋብቻ ነው።

ቁጥሩን እንመልከተው። ከአንድ ሰው ተነሥተን በአባትም በእናትም ወደ ላይ ብንቆጥር፣ በአንደኛው እርከን 2፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 8 ሰዎች አሉ፤ በሰባተኛው 128 ይሆናሉ። ሲደመሩ 254 ነው። በአባት ብቻ ከቆጠርን ግን ሰባት ብቻ ናቸው። እኔ ከ254ቱ ሰባቱን አይቼ ነበር ‹‹ዝምድና የለም›› ያልሁት።

ሙያዊ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በአባት ብቻ የተሣለው ሥዕል በሒሳብ ቋንቋ ‹‹ዛፍ›› ይባላል፤ ማንኛውም ሳጥን ከላዩ አንድ ሳጥን ብቻ አለው። ዛፍን አሳምሮ መሣል ለኮምፒውተር ከባድ አይደለም። ሬይንጎልድና ቲልፎርድ የተባሉ ሰዎች በ1981 ባወጡት ስልት፣ ልጆቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ወላጁን በመሐላቸው ማድረግ ነው፤ መስመር ከመስመር የሚቋረጥበት ምክንያት የለም። እናቶች ሲገቡ ግን ሥዕሉ ዛፍ መሆኑ ይቀራል። አንዱ ሳጥን ሁለት ወላጆች አሉት፤ ሩቅ ላይ የተለያዩ ሁለት ቅርንጫፎች በጋብቻ ተመልሰው ይገናኛሉ። ይህ መረብ ነው። በአማርኛ ዘርን በዛፍ ሳይሆን በሐረግ መሰየማችን የሚገርመኝ ለዚህ ነው፤ ሐረግ ይጠላለፋል።

መረብን በኮምፒውተር የመሣል ሐሳብ ከምናስበው በላይ የቆየ ነው። ዶናልድ ክኑዝ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ፣ በ1963 የፕሮግራም ፍሰትን በኮምፒውተር ስለ መሣል ጽፏል። ዛሬ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው የረድፍ አቀማመጥ መሠረት ግን ሱጊያማና ሁለት ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ በ1981 ያወጡት ስልት ነው። አሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በዚሁ መንገድ ግራፍቪዝ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሠሩ። ቪዚዮ የተባለው የቢሮ መሣያ በ1992 ከሲያትል ወጣና ማይክሮሶፍት በ2000 ጠቀለለው፤ ሳጥን ሲጎተት መስመሩ አብሮ የሚጎተትበትን አሠራር ለብዙው የቢሮ ሠራተኛ ያስለመደው እሱ ነው።

የሱጊያማ ስልት ሥራውን በደረጃ ይከፍለዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሳጥን በየትኛው ረድፍ ላይ እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ ከታች ተነሥቶ ከሆነ፣ ወላጅ ሁልጊዜ ከልጆቹ ሁሉ በላይ ይሁን የሚል ነው ሕጉ። ቀጥሎ በየረድፉ ውስጥ ማን ከማን ጎን ይቁም የሚለውን ይወስናል። መጨረሻ ላይ ርቀቱንና የመስመሩን መታጠፊያ ያስተካክላል። ከባዱ ሁለተኛው ነው። ዓላማው መስመሮች እርስ በርሳቸው የሚቋረጡበትን ቦታ ማሳነስ ነው። አሥር ሳጥኖች ያሉበት አንድ ረድፍ ብቻ በ3,628,800 መንገድ ሊደረደር ይችላል። ስምንት ረድፍ ሲሆን ቁጥሩን መጻፍም አያስፈልግም። ጋሪና ጆንሰን በ1983 እንዳሳዩት፣ መቋረጥን ወደ መጨረሻው ትንሽ ቁጥር ማውረድ የሒሳብ ሰዎች እጅግ ከባድ ብለው ከመደቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ሁልጊዜ ትክክለኛውን መልስ በፍጥነት የሚሰጥ መንገድ እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ይገምታል። የሚጠቀምበት ዘዴ ልጅ እንኳ የሚገባው ነው። እያንዳንዱ ሳጥን በላዩ ረድፍ ያሉት ዘመዶቹ የቆሙበትን ቦታ ይደምርና አማካዩን ያወጣል፤ በዚያ አማካይ መሠረት ይሰለፋል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይደገማል፤ እንደገና ከላይ ወደ ታች። ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የተሻለ ነገር ካላገኘ ይቆማል። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው መሐል ወይም ዳር የቆመው በዚህ አማካይ ነው እንጂ በክብሩ አይደለም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔ በማውቀው አንድ ማኅበር ውስጥ የመዋቅር ሥዕል ሲታይ የአንድ ክፍል ሳጥን ከሌላው ዝቅ ብሎ በመታየቱ ብቻ ለሁለት ስብሰባ ያህል ክርክር ተደርጓል። ዝቅ ያደረገው ሰው አልነበረም።

መቋረጥ ለምን ይህን ያህል ይጠላል? ሄለን ፐርቸስ የተባለች ተመራማሪ እዚሁ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሰዎችን ሥዕል እያስነበበች ፈትናለች፤ በ1997 ያወጣችው ውጤት፣ አንባቢን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የመስመሮች መቋረጥ መሆኑን ያሳያል። የጥያቄው ሥር ግን ከወረቀት የራቀ ነው። ሐንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓል ቱራን በ1944 ቡዳፔስት አጠገብ በግዳጅ ሥራ ላይ ጡብ ይገፋ ነበር። ከየምድጃው ወደየማከማቻው ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ጋሪው ሁለት ሐዲድ በሚቋረጡበት ቦታ ሲደርስ ይዘልና ጡቡ ይፈሳል። ሐዲዶቹ ከዚህ ባነሰ ቦታ እንዲቋረጡ ተደርገው ሊዘረጉ አይችሉም ነበር ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ያ የእስረኛ ጥያቄ በሙሉ አልተመለሰም፤ ዛሬም በሒሳብ ሰዎች እጅ ነው።

ሌላም ስልት አለ፤ አውስትራሊያዊው ፒተር ኢድስ በ1984 ያወጣው። ሳጥኖቹን የብረት ቀለበት፣ መስመሮቹን ሞላ አድርጋችሁ አስቡና ልቀቋቸው፤ እየተሳሳቡና እየተገፋፉ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ይረጋሉ። ማን ከማን ጋር ይቀራረባል ለሚለው ጥሩ ነው። ላይና ታች ስለማያውቅ ግን ለዘር ቆጠራ አይሆንም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። አክስቴና የልጅቷ ዘመዶች የእናቶችን ስም ለሁለት ሳምንት ሲያሰባስቡልኝ ሰነበቱ። በመጨረሻ 86 ሰዎች ተገኙ፤ ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል፣ ነገር ግን ከአባት ብቻ ቆጠራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በረድፍ አቀማመጥ ሣልሁት። ሥዕሉ እንደ መጀመሪያው አላማረም፤ መስመር በመስመር ላይ ይሄዳል። ሁለቱ ልጆች ከታች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። ከላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ ከሁለቱም የሚወጣ መስመር የሚገናኝባት አንዲት ሳጥን አለች። አንዲት ሴት ናት።

የአጎቴ ልጅ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጣ ረድፎቹን በጣቷ ቆጠረች። በእኛ ቤት ቆጠራው ወንድምና እህትን አንድ ቤት ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከጋራ አያት በታች ያለው የረድፍ ቁጥር የቤቱ ቁጥር ነው። ‹‹ስምንት!›› አለች፤ ‹‹ስምንት ነው፤ ሰባት አልፏል!›› እኔ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በልጁ በኩል መስመሮቹ ሁሉ ከአንድ ረድፍ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በልጅቷ በኩል ግን ከሴትዮዋ የሚወርደው መስመር አንድ ረድፍ ዘልሎ ያልፋል። ረድፉን ትተን መስመሩን ስንቆጥር በልጁ በኩል ስምንት፣ በልጅቷ በኩል ሰባት ሆነ። ሰባት ደግሞ ያው ሰባት ነው። የአጎቴ ልጅ ፊት ጠቆረ።

ረድፍ ለምን አታለለን? ከላይ እንዳልሁት ለፕሮግራሙ ሕጉ ‹‹ወላጅ ከልጁ በላይ ይሁን›› ብቻ ነው፤ ‹‹በአንድ ረድፍ ብቻ ይብለጥ›› አይልም። ሁለት ሐረጎች ርዝመታቸው ሲለያይ፣ ረጅሙ የረድፉን ቁጥር ይወስናል፣ አጭሩ ይለጠጣል። ረድፉ ለእኛ ቤት ነው፤ ለእሱ ግን የማስቀመጫ ቦታ ነው። እኛ ያነበብነውን ትርጉም እሱ አልጻፈውም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ስልቱ ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መስመር ረድፍ ዘልሎ ሲያልፍ ፕሮግራሙ የአማካዩን ስሌት መሥራት ያስቸግረዋል፤ ስሌቱ ጎረቤት ረድፎችን ብቻ ነውና የሚያየው። ስለዚህ በተዘለለው ረድፍ ላይ የማይታይ ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል። ስም የለውም፣ አይሣልም፣ ነገር ግን እንደ ሰው ቦታ ይይዛል፣ ሌሎቹም ለእሱ ጠጋ ይሉለታል። በልጅቷ ሐረግ ላይ ማንም የማያየው አንድ ባዶ ሳጥን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባዶው ሳጥን ወይ እውነት ነው፤ ማለትም በዚያ ቤት ሰዎቹ ዘግይተው ስለወለዱ ሐረጉ በእርግጥ አንድ ትውልድ ያጥራል። ይህ የተለመደ ነው። ወይም ደግሞ ስም ጎድሏል። ሥዕሉ ሁለቱን ሊለይልኝ አይችልም። የጎደለ ካለም ከየት እንደጎደለ ሊነግረኝ አይችልም፤ ፕሮግራሙ ከታች ስለሚጀምር ትርፉን ሁሉ ገፍቶ ወደ ላይ አወጣው እንጂ፣ ክፍተቱ ሰባቱ ዘለበቶች መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ማድረግ የቻልሁት አንድ ነገር ነው። የልጅቷን ሰባት ስሞች በተርታ ጽፌ ለአክስቴ ላክሁና፣ ‹‹እትየ፣ ከእነዚህ መካከል የተዘለለ ሰው ይኖር ይሆን?›› ብዬ ጠየቅኋት።

መልሱን ስጠብቅ ሥዕሉን በእጄ ማስተካከል ጀመርሁ። እህትማማቾችን አቀራረብሁ፣ የልጁን ወገን በግራ፣ የልጅቷን በቀኝ አደረግሁ፣ የማይነበቡትን ስሞች አሰፋሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ አንድ አዲስ ስም መጣና አስገብቼ ያንኑ ትእዛዝ መረጥሁ። ሥራዬ ሁሉ ተደመሰሰ። ግራው ቀኝ ሆነ፤ የማውቀው ሥዕል የማላውቀው ሆነ። ይህም ስም ያለው ችግር ነው። ኢድስ፣ ሱጊያማና ሁለት ጓደኞቻቸው በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ‹‹የአእምሮ ካርታ›› ብለውታል። ሥዕሉን ያየ ሰው ማን የት እንዳለ በልቡ ይይዛል፤ ማሽኑ ሲያሻሽልለት ያንን ያፈርስበታል።

ለዚህ ችግር ብዙ የደከሙት ሰዎች የሚገኙት እዚሁ ሜልበርን መሆኑን ሳውቅ ተገረምሁ። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲው ኪም ማሪዮትና በዚያን ጊዜ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፒተር ስተኪ፣ ሲያትል ካለው አለን ቦርኒንግ ጋር ሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ካሶዋሪ የሚባል ስልት ሠሩ። ካሶዋሪ ሰጎን የሚመስል የሰሜን አውስትራሊያ ወፍ ስም ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰውየው የሚፈልገውን እንደ ገደብ ይናገራል። ይህ ከዚያ በስተ ግራ ይሁን፤ እነዚህ ሁለቱ በአንድ መስመር ይቁሙ፤ ይህ ከተቻለ መሐል ይሁን፣ ካልተቻለ ግን ግድ የለም። ማሽኑ ገደቦቹን አክብሮ የቀረውን ይፈታል። አንዱ ነገር ሲለወጥም ሁሉን ከሥሩ አያሰላም፤ የተነካውን ብቻ ያስተካክላል። አፕል በ2011 ለኮምፒውተሮቹ፣ በ2012 ደግሞ ለአይፎን ያወጣው የስክሪን አደራደር በዚህ ስልት ላይ የቆመ ነው። አይፎን በኪሱ የያዘ አንባቢ ከሜልበርን የወጣ ሐሳብ ይዞ ይዞራል።

በሞናሽ ማሪዮት፣ ቲም ድዋየርና ማይክል ዋይብራው ይህንኑ ሐሳብ ወደ ዲያግራም አመጡት። ደናርት ብለው በሰየሙት ፕሮግራም (ይህም የአገሩ አይጥ መሳይ እንስሳ ስም ነው) አንድ ሳጥን ሲጎተት የቀሩት ገደባቸውን ሳይለቁ ወዲያው ጠጋ ጠጋ ይላሉ፤ ሰውና ማሽን አብረው ይሥላሉ። መስመሩ ሳጥን እየሸሸ እንዲሄድ የሚያደርገውን ክፍል ዋይብራው በ2005 ኢንክስኬፕ በተባለው ነፃ የመሣያ ፕሮግራም ውስጥ ጨምሮታል። ለእኔ ይበልጥ የጣመኝ ግን በ2015 ያቀረቡት ሥራ ነው። ሰዎችን ጠርተው መረቦችን በእጃቸው አሳምረው እንዲያስቀምጡ ጠየቁ፤ ሌሎች ሰዎች ደግሞ የተሻለውን እንዲመርጡ አደረጉ። ከዚያ እጅ የሚያደርገውንና ማሽን የማያደርገውን ፈልገው ለማሽኑ አስተማሩት። ሰው ለምሳሌ ከመረቡ ዋና አካል ላይ የተንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች ወደ ውጭ ያወጣል፤ ተመሳሳይ የሆኑትን በተመሳሳይ ቅርጽ ያስቀምጣል። ኢንጂነሮች ለብዙ ዓመት መቋረጥን ስንቆጥር ከርመን፣ ባለ እጁን ለመጠየቅ ይህን ያህል መዘግየታችን ይገርማል።

እኔም ያንኑ መንገድ ያዝሁ። የቢሮውን ፕሮግራም ትቼ በነፃ በሚገኝ ባለ ገደብ መሣሪያ ሣልሁት። የልጁ ወገን በግራ፣ የልጅቷ በቀኝ፤ ይህ አይነካም። ወላጅ ከልጁ በትክክል አንድ ረድፍ ይብለጥ፤ ይህም አይነካም አልሁት። ይህ ሁለተኛው ገደብ ግን በልጅቷ ሐረግ ላይ ሊሟላ አልቻለም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ረድፍ እስከቆሙ ድረስ ሰባት ደረጃ ስምንት አይሆንም። ፕሮግራሙ ያንን መስመር በቀይ ምልክት አድርጎ አቆመልኝ። የመጀመሪያው ፕሮግራም የሰጠኝ ዝም ያለ ረጅም መስመር ነበር፤ ይሄኛው ያልሁት እንዳልሆነለት ነገረኝ።

አክስቴ በአራተኛው ቀን ደወለች። ‹‹ሦስተኛው ስም ላይ ነው ነገሩ›› አለችኝ። የልጅቷ ሴት አያት አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት አያቷ ነው፤ በእሱም ስም ተጠራች። በአገራችን ይህ ብርቅ አይደለም። የሟቹ አባት ስም ከአፍ ጠፍቶ፣ አያቱ በአባት ቦታ ገብቶ ቀረ። እንዳልሁት ክፍተቱ ፕሮግራሙ ካሳየበት ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከልጅቷ ሁለት ቤት ብቻ ከፍ ብሎ ነበር።

ሳልደብቅ ልናገር፤ ጠረጠርሁ። ሁላችንም የፈለግነው ስም በፈለግነው ቀን ተገኘ። አክስቴ ጥርጣሬዬን በድምፄ አውቃ፣ ‹‹አንተ ወረቀት ትወዳለህ›› አለችና አሳቀችኝ። በሳምንቱ የልጅቷ አጎት፣ ቤተሰቡ በንጉሡ ዘመን ርስት ሲከራከር የተጻፈ አንድ ያረጀ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። እገሌ የእገሌ፣ እገሌ የእገሊት እያለ ይወርዳል። የሴት አያቷ አባት በአባቱና በሴት ልጁ መካከል በስሙ ተጽፏል።

ስሙን አስገባሁ። ከእሱ በላይ ያሉት የልጅቷ ሐረግ ሳጥኖች አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ወጡ፤ ቀዩ መስመር ጠፋ፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ቀረ። ስምንትና ስምንት።

ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ለአጎቴ ልጅ ወሰድሁላት። መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ ‹‹እኔን ለምን ዳር ላይ አደረግኸኝ?›› አለችኝ። ኮምፒውተሩ አማካይ አውጥቶ መሆኑን አስረዳኋት። ‹‹አማካዩን እኔ አላውቀውም›› አለች፤ ‹‹የልጁ እናት ነኝ።›› አንድ ገደብ ጨምሬ እንደገና አሳተምሁት።